ዛንዚባር ላይ የት አካባቢ እንረፍ? የድሬ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ደሴት ዕረፍት ወሬ ከተነሳ አሁን አሁን ቶሎ የሚጠራው ዛንዚባር ነው። ከድሬ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል በረራ ነው። ከአዲስ አበባ ደግሞ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ። ጭንቁ የሚጀምረው አልጋ ሲያዝ ነው። አብዛኛው ሰው ሆቴሉን በፎቶ ይመርጣል፤ ፎቶው ደግሞ ሁልጊዜ የሚነሳው ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው። የእኛ ምክር አጭር ነው፦ መጀመሪያ የባሕሩን ዳርቻ ምረጡ፣ ሆቴሉ ይደርሳል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከዛንዚባር ተጓዦች በብዛት የሚመጡ ናቸው።

ደሴቷ ትንሽ አይደለችም እንዴ? የትም ባርፍ ምን ልዩነት አለው?

ዛንዚባር ስንል ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ትልቋ ደሴት፣ ስለ ኡንጉጃ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ካርታ ላይ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ከሰሜኑ ጫፍ ኑንግዊ ተነስቶ በደቡብ ምሥራቅ ያለችው ፓጄ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ከተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። "አንዱ ጋ አርፌ ሌላውን እየተመላለስኩ አያለሁ" የሚል ሰው ዕረፍቱን መኪና ውስጥ ይጨርሳል።

አካባቢዎቹን እንዲህ ያዟቸው። በምዕራብ በኩል የድሮዋ ከተማ ስቶን ታውን አለች። በሰሜን ኑንግዊና ኬንድዋ። በሰሜን ምሥራቅ ማቴምዌ፣ ፖንግዌና ኪዌንግዋ። በደቡብ ምሥራቅ ሚቻምቪ፣ ብዌጁ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ። ደቡብ ጫፍ ላይ ደግሞ ኪዚምካዚ። ፔምባ የምትባለው ሌላዋ ደሴት ጸጥ ያለችና ለምለም ናት፣ ቅርንፉዱ በብዛት የሚበቅለውም እዚያ ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ግን አንመክራትም።

"ባሕሩ ይሸሻል" ሲሉ ሰማሁ። የምር ነው?

የምር ነው። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበትም ይሄ ነው።

የዛንዚባር ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ያህል ነው። በምሥራቁ ዳርቻ መሬቱ በጣም ሜዳ ስለሆነ ውሃው ሲጎድል በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይርቃል። አንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጠዋት ከክፍላችሁ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ሰማያዊ ውሃ አለ። ቁርስ በልታችሁ፣ ትንሽ ተኝታችሁ ስትመለሱ አሸዋ፣ ኩሬ፣ የተጋደሙ ጀልባዎችና ርቀው የሚታዩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ዋና ልብስ ለብሶ ለመጣ ሰው ነገሩ ያናድዳል። በሌላ ዓይን ካያችሁት ግን የደሴቷ ውብ ነገር ነው። የመንደሩ ሴቶች የባሕር አረም እርሻቸው ላይ የሚሠሩት ያኔ ነው። ልጆች ኩሬ ውስጥ ዓሣና ቀንድ አውጣ ይፈልጋሉ። በእግር እስከ ኮራሉ፣ ማለትም ከባሕር ፍጥረታት እስከተሠራው አለት ድረስ መሄድም ይቻላል።

ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ ረፋድ ላይ የጎደለ ባሕር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ባሕሩ እጅግ የሚሸሸውና እጅግ የሚሞላው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ነው። የሂጅራ አቆጣጠር የሚከተል ሰው ይሄን ማስላት አይቸግረውም፤ የወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን አካባቢ ማለት ነው። በ7ኛውና በ22ኛው አካባቢ ልዩነቱ ይቀንሳል። ምሥራቅ ዳርቻ የማረፍ ሐሳብ ካላችሁና ቀኑ በእጃችሁ ከሆነ ጨረቃዋን አይታችሁ ትኬት ቁረጡ። ቀልድ አይደለም።

ቀኑን ሙሉ መዋኘት እፈልጋለሁ። የት ልሂድ?

ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ። ሰሜን ላይ ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ባሕሩ ሲጎድልም መዋኛ ውሃ ይቀራል። ሁለቱ በእግር የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው፤ ባሕሩ ሲሞላ ግን የዳርቻው መንገድ ስለሚዘጋ ሰዓቱን ጠይቃችሁ ተነሱ።

ኑንግዊ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ አናጺዎች ዛሬም ዳርቻው ላይ ሲቀጠቅጡ ይውላሉ። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ሱቁ ተደርድሯል። ማታ ሙዚቃ አለ። ሰው ይበዛል፣ ሻጭም ይበዛል። መነጽር፣ ጨርቅ፣ የጀልባ ጉዞ፣ ማሳጅ፣ ሁሉም በየአምስት እርምጃው ይቀርብላችኋል። አንድ ጊዜ ፈገግ ብላችሁ "አሳንቴ" (በስዋሂሊ አመሰግናለሁ) በሉና መንገዳችሁን ቀጥሉ። ቆማችሁ ማብራራት ከጀመራችሁ አበቃላችሁ።

ኬንድዋ ሰፊ አሸዋ ያላትና ወደ ምዕራብ የምታይ ናት። ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ስትጠልቅ ከወንበራችሁ ሳትነሱ ታያላችሁ። ከኑንግዊ ትንሽ ረጋ ያለች ናት፣ ግን ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ትልቅ ፓርቲ ይደረግባታል። ጭፈራ የሚፈልግ ያንን ቀን ይምረጥ፣ እንቅልፍ የሚፈልግ ይሽሸው። ዋጋ በኩል ሰሜኑ በጥቅሉ ከደቡብ ምሥራቁ ይወደዳል።

መዋኘት አልችልም። ባሕር ዳር ሄጄ ምን ላደርግ?

ይሄን ጥያቄ የድሬ ሰው እያፈረ ይጠይቀዋል። ምን ያሳፍራል? ወንዛችን ደጫቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ የት ልንማር?

ዋና ለማይችል ሰው ብዙዎች ከሚመክሩት ተቃራኒውን ነው የምንመክረው። ኑንግዊ ሳይሆን ምሥራቁን ምረጡ። ፓጄና ጃምቢያኒ ፊት ለፊት፣ ራቅ ብሎ፣ ውቅያኖሱን የሚያግድ የኮራል ግድግዳ አለ። ትልቁ ማዕበል እዚያ ላይ ይሰበራል። ከግድግዳው ወዲህ ያለው ውሃ ጥልቀት የሌለው፣ ለብ ያለና በአብዛኛው የተረጋጋ ነው። ግማሽ ሲሞላ ወገብ ድረስ ገብታችሁ መቀመጥ፣ መንቦጫረቅ፣ መንሳፈፍ መለማመድ ትችላላችሁ። ለዋናተኛው ጉድለት የሆነው ነገር ለእናንተ ጥቅም ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ባዶ እግራችሁን አትግቡ። ድንጋዩ ሥር ጥቁር ባለ እሾህ የባሕር ፍጥረት አለ፤ ከረገጣችሁት እሾሁ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። የጎማ ጫማ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ባሕሩ ሲጎድል ርቃችሁ ከሄዳችሁ መመለሻውን አስሉ። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ ዝቅ ያለውን ቦታ ይሞላል፣ ከኋላችሁም ሊቀድማችሁ ይችላል። የአካባቢውን ሰው ይዞ መሄድ ይሻላል።

ፓጄ ወይስ ጃምቢያኒ?

ጎረቤቶች ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ፓጄ የወጣት ሰፈር ናት። ነፋስ ስላላት ከመላው ዓለም ካይት ሰርፊንግ፣ ማለትም ነፋስ በሞላው ትልቅ ጨርቅ እየተጎተቱ በሰሌዳ ውሃ ላይ መንሸራተት የሚወዱ ሰዎች ይመጡባታል። ሰማዩ በቀለማት ያሸበረቀ ነው፤ ማየቱ ራሱ ያዝናናል። ነፋሱ ሁለት ወቅት አለው። ካስካዚ የሚሉት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ነው። ኩሲ የሚሉት ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም። በነዚህ ወራት ውሃው መሀል ገመድና ሰሌዳ ስለሚበዛ ለዋና የተለየ ቦታ ጠይቁ። ካፌ፣ ርካሽ ማረፊያ፣ ማታ ቁጭ የሚባልበት ቦታ ፓጄ ላይ አይጠፋም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ጓደኛ ለማግኘት ከፓጄ የተሻለ ቦታ የለውም።

ጃምቢያኒ ረጅም፣ ጸጥ ያለች መንደር ናት። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዳርቻው ያልፋሉ። ላሞች አሸዋው ላይ ይንሸራሸራሉ። ማረፊያዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ ባለቤቱ ራሱ ቁርስ የሚያቀርብበት ዓይነት። ቁጭ ብሎ የባሕሩን መውጣትና መግባት ለማየት ትዕግሥት ያለው ሰው ይወዳታል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ አዳሬን ጃምቢያኒ አድርጌ ማታ ለእራት ፓጄ እወጣለሁ።

ማቴምዌ፣ ፖንግዌና ኪዌንግዋስ?

ኪዌንግዋ ትልልቅ ሪዞርቶች የተደረደሩባት ናት። ምግቡም መጠጡም በአንድ ዋጋ የተጠቃለለበት፣ ከግቢ ሳይወጡ ሳምንት የሚዋልበት። ይሄን የሚፈልግ አለ፣ እኔ ግን ግቢ ውስጥ ለመቀመጥ ባሕር የሚያሻግር ምክንያት አላይም። ማቴምዌ ከምነምባ ደሴት ትይዩ ስለሆነች መነጽርና ቱቦ አድርጎ ዓሣና ኮራል ማየት ለሚፈልግ ቅርቡ እሷ ናት። ፖንግዌ ትንሽ ወሽመጥ ናት፣ ጥቂት ሆቴሎች ብቻ ያሏት። ሦስቱም ላይ ባሕሩ ይሸሻል።

ስቶን ታውን ውስጥ ማደር አለብኝ ወይስ አይቼ ብመለስ ይበቃል?

ማደር አለባችሁ። ቢያንስ አንድ ሌሊት። ቀን ቀን ከየሆቴሉ በመኪና የመጡ ጎብኚዎች መንገዱን ይሞሉታል፣ ሙቀቱም አይጣል ነው። ከተማዋ ራሷን የምትመስለው እነሱ ሲሄዱ ነው።

ጁገልን የሚያውቅ ሰው ስቶን ታውን ገብቶ እንግዳ አይሆንም። ጠባብ የግንብ መንገድ፣ መታጠፊያው የማያልቅ፣ ልጆች ኳስ የሚመቱበት፣ በየጥጉ መስጊድ፣ ከበሩ ጀርባ ቅጥር ግቢ። ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ስቶን ታውን በ2000፣ ሐረር ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ.። ልዩነቱ ስቶን ታውን ፎቅዋ ከፍ ያለ መሆኑና የእንጨት በሮቿ ናቸው። በሮቹ በአበባና በጽሑፍ የተቀረጹ፣ አንዳንዶቹም የሾለ የነሐስ ጉጥ የተተከለባቸው ናቸው። አንድ ቀን ሙሉ በር ብቻ እየተመለከታችሁ ብትዞሩ አይሰለቻችሁም።

ባሕሩ ፊት ለፊት ቤተ ተአምር የሚባለው የሱልጣኑ ሕንፃ አለ። በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከፊሉ ተደርምሷል። የድሮው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ገበያው የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ አስረዷቸው፣ ከባድ ቦታ ነው። የቅመምና የዓሣ ገበያው ዳራጃኒ ይባላል፤ ጠዋት ሂዱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ በጠረጴዛና በፍም ይሞላል። በእንጨት የተሰካ ዓሣ፣ ኦክቶፐስ፣ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ፣ የዛንዚባር ፒዛ የሚሉት የተጠቀለለ ቂጣ። ዋጋ ሳትጠይቁ ሰሃን አትቀበሉ። ለጥላ ወዳጅና ለወሬኛ ሰው ከተማዋ ሁለት ሌሊት ትገባታለች።

ክፍል ስትይዙ ሁለት ነገር ይታሰብ። አሮጌዎቹ ቤቶች ሊፍት የላቸውም፣ ደረጃቸው ቀጥ ያለ የእንጨት ነው። ጉልበት የሚያማቸው እናት ይዛችሁ ከሆነ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ጠይቁ። መኪናም መንገዱ ውስጥ አይገባም፣ ሻንጣ በእጅ ነው።

ለጫጉላ የቱ ይሻላል?

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ለሁለታችሁ፦ ፀሐይ ስትወጣ ነው የምትፈልጉት ወይስ ስትጠልቅ? ምሥራቁ መውጫ ነው። ኬንድዋና ስቶን ታውን መጥለቂያ ናቸው። ሚቻምቪ ግን በቀጭን የመሬት ምላስ ላይ ስላለች ሁለቱንም ታሳያለች። ካኤ የሚባለው ጎኗ ወደ ምዕራብ፣ ፒንግዌ የሚባለው ወደ ምሥራቅ ያያል። ሰው አይበዛባትም። ባሕሩ መሀል ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ዘ ሮክ የሚባል ምግብ ቤት ያለው ፒንግዌ ላይ ነው። ባሕሩ ሲጎድል በእግር፣ ሲሞላ በጀልባ ይገባል። ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ፎቶውን ተነስቶ ለምሳ ሌላ ቦታ የሚሄድ ብልህ ነው።

ከልጆችና ከእማማ ጋር ነኝ። እንዴት ላስታርቃቸው?

ልጆች ውሃ፣ እማማ ጥላና ጸጥታ ይፈልጋሉ። መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ምረጡ። በተለይ ምሥራቅ ከሆናችሁ ገንዳው ቅንጦት አይደለም፤ ባሕሩ ለግማሽ ቀን ሲሄድ ልጆቹ የሚውሉት እዚያ ነው። የቤቱ ክፍል ከዳርቻው ጋር እኩል ምድር ላይ ይሁን። ኬንድዋ ለዚህ ይመቻል፣ ብዌጁም ጸጥታው ጥሩ ነው። ወደ ጆዛኒ ጫካ ወስዳችሁ ጀርባቸው ቀይ የሆኑትን ጦጣዎች አሳዩአቸው። ሰው አይፈሩም፤ ስቶን ታውንና ፓጄ መካከል መንገድ ላይ ናቸው። ኪዚምካዚ የሚሸጠውን የዶልፊን ጉዞ ግን በጥርጣሬ እዩት። ብዙ ጀልባ ጥቂት እንስሳ የሚያባርርበት ጠዋት ይኖራል።

ቤተሰባችን ሙስሊም ነው። የሚመቸን የቱ ነው?

አብዛኛው የደሴቷ ሕዝብ ሙስሊም ነው። መስጊድ በየመንደሩ አለ፣ የመንደር ምግብ ቤቶች ሥጋ ሐላል ነው፣ አዛን ከየትም ይሰማል። ኪዚምካዚ ላይ ኩፊ በሚባለው የጥንት ዓረብኛ አጻጻፍ የተቀረጸ ጽሑፍ ያለበት ጥንታዊ መስጊድ አለ፤ ጽሑፉ 500 ዓመተ ሂጅራ ይላል፣ ማለትም 1107 እ.ኤ.አ.። መጠጥ የሚሸጠው በአብዛኛው የቱሪስት ሆቴሎችና ባሮች ውስጥ ነው። ከዚያ መራቅ ከፈለጋችሁ ኑንግዊን ትታችሁ ጃምቢያኒን፣ ማቴምዌን ወይም ስቶን ታውንን ተመልከቱ። አንዳንድ ማረፊያ ጭራሽ መጠጥ አይሸጥም፤ ስትይዙ ጠይቁ።

አለባበስን በተመለከተ ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ዋና ልብስ ዳርቻው ላይ ይቅር። መንደርና ከተማ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ሽርጥ ወይም ነጠላ ጣል ማድረግ ይበቃል። ረመዳን ላይ ከሆናችሁ ቀን ከተማ ውስጥ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፣ በአደባባይ መብላትና መጠጣትም ሊያስይዝ ይችላል። የባሕር ዳር ሆቴሎች ግን ለእንግዳ ያቀርባሉ። ጿሚ ከሆናችሁ ማታ ስቶን ታውን ልዩ ናት።

የኦርቶዶክስ ጾም ላይ ነኝ። ምን እበላለሁ?

ዛንዚባር ላይ ወጡ የሚሠራው በኮኮናት ወተት ስለሆነ ከምትገምቱት በላይ ይቀላል። ባቄላ በኮኮናት፣ ሩዝ በኮኮናት፣ ጎመን፣ ካሳቫ፣ ቻፓቲ። ኡሮጆ የሚሉት ቢጫ ኮምጣጣ ሾርባ አለ፤ ሥጋና እንቁላል ሳይገባበት አስደርጉት። ከሆቴል ይልቅ የመንደር ምግብ ቤት ይሻላችኋል።

የቱ ወቅት ላይ የቱ ዳርቻ ይመረጣል?

ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ማሲካ ይሉታል። አንዳንድ ሆቴሎች ይዘጋሉ፣ የተከፈቱት ዋጋ ይቀንሳሉ። እዚህ ላይ ለኛ የሚቸግር ነገር አለ፤ ፋሲካ ብዙውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ ይውላል፣ ሰዉም ፈቃዱን ለዚያ ነው የሚያስቀምጠው። ዝናብ አልፈራም የምትሉ ከሆነ ስቶን ታውን ቀናችሁን አብዙ፤ ዳርቻ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ከማየት ይሻላል። ትንሹ ዝናብ ኅዳር ላይ ነው፣ ዘንቦ ያባራል።

ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው። በነዚህ ወራት ኩሲ ምሥራቁን ስለሚነፍሰው ያ ወገን ይቀዘቅዛል፣ ሰሜን ምዕራቡ ደግሞ ይረጋጋል። ጥርና የካቲት ሞቃትና ብሩህ ናቸው። ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለውን ሰሞን ካልቸገራችሁ ዝለሉት፤ ዋጋው ሰማይ ይነካል።

ከድሬ ሙቀት ሸሽቼ ሌላ ሙቀት ውስጥ ልግባ እንዴ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነች ወቅቷ ከኛ ይገለበጣል። ድሬ በምትነድበት በሰኔ ዛንዚባር ቀዝቃዛ ወቅቷን ትጀምራለች፤ ቀን ላይ 28 ወይም 29 ዲግሪ ያህል፣ ከነፋሱ ጋር። ስለዚህ ክረምት ላይ መሄድ የምር መሸሽ ነው።

በጥርና በየካቲት ከሆነ ግን አትታለሉ። ቁጥሩ ከድሬ ሊያንስ ይችላል፣ እርጥበቱ ግን ሌላ ነው። የኛ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ጥላ ሥር ከገባችሁ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። እዚያ ላቡ ሰውነት ላይ ይቀራል። ስቶን ታውን ውስጥ ኤሲ የሌለው ክፍል አትያዙ። ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ግን ነፋሱ ስላለ በማራገቢያም ይታደራል። ጄኔሬተር መኖሩንም ጠይቁ፣ መብራት መጥፋት እዚያም አለ።

ስንት ሌሊት የት ልከፋፍል?

ከስድስት ሌሊት በታች ከሆነ አንድ ዳርቻና ስቶን ታውን ይበቃል። ሁለት ዳርቻ የሚታሰበው ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ብዙ ሰው ስቶን ታውንን መጀመሪያ ያደርጋል። እኛ በመጨረሻ እንድታደርጓት እንመክራለን። አየር ማረፊያው ከከተማዋ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚርቅ የመመለሻ በረራ ቀን አያስጨንቅም። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሀልዋ የምትገዙትም ያኔ ስለሆነ ደሴቱን ሙሉ ተሸክማችሁት አትዞሩም። በረራችሁ ማታ የሚያርፍ ከሆነ ግን የመጀመሪያዋን ሌሊት እዚያው ከተማ እደሩ፤ ኑንግዊ ከአንድ ሰዓት በላይ የጨለማ መንገድ ነው።

በምን እንቀሳቀሳለሁ?

አየር ማረፊያ በር ላይ ታክሲ ሞልቷል። ዋጋውን ሳትጨርሱ ሻንጣ አታስገቡ። ሆቴላችሁ መኪና እንዲልክ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ጣጣ ይቀንሳል። ዳላዳላ የሚባለው የሕዝብ መኪና በጣም ርካሽ ነው፣ በጣምም ቀርፋፋ። ሻንጣ ይዞ አይሆንም፣ ለሽርሽር ግን ደስ ይላል። ሞተር ወይም መኪና ለመከራየት ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ያያል። መንገዱ በግራ መሆኑን እንዳትረሱ።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ ሰዎቹ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት በስዋሂሊም 1 ሰዓት ነው። ሾፌር ስትቀጥሩ በዚህ መግባባት ትችላላችሁ። ሆቴልና ጀልባ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጽፉት፤ የቱን እንደተነጋገራችሁ አረጋግጡ።

ጅቡቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለች?

ባሕር ብቻ ከሆነ የናፈቃችሁ ጅቡቲ በባቡር ይደረሳል፣ ከወደቧ በጀልባ የሚኬድባቸው ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ የኮራል ደሴቶችም አሉ። ለሁለት ቀን ጥሩ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ። በክረምት 40 ዲግሪ ያልፋል፣ የሆቴሉ ዋጋም አይቀመስም። መንደር፣ ቅመም፣ ደን፣ የድሮ ከተማ በአንድ ላይ ከፈለጋችሁ ዛንዚባር ነው።

አቦ፣ ጫትስ?

አይቻልም። ጫት በታንዛኒያ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፣ ዛንዚባርም ያው ነው። ኬንያ ላይ በግልጽ መሸጡ አያታልላችሁ። አንድ እስርም፣ የደረቀም፣ "ለመንገድ ብቻ" የተባለም አይገባም። ሻንጣችሁን ቤተሰብ ካዘጋጀው እንደገና ፈትሹት። ፌስታልም ክልክል ነው፤ ልብስ በፌስታል የመጠቅለል ልማዳችሁን ለዚህ ጉዞ ተዉት።

ሆቴል ከመያዜ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ቪዛ መጀመሪያ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለታንዛኒያ ቪዛ ይፈልጋል፣ ማመልከቻው በኦንላይን ነው። ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል አትያዙ፤ በነጻ የሚሰረዘውን ምረጡ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ዛንዚባር ሲገባ ከዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን የጉዞ መድን እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል፤ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ ቦታ የገዛችሁት መድን ይህን አይተካም።

ከዚያ ለሆቴሉ በዋትስአፕ ጻፉ። "ባሕሩ ጎድሎ ሳለ ከክፍሉ የተነሳ ፎቶ ላኩልኝ" በሉ። በምንሄድበት ሳምንት ባሕሩ በስንት ሰዓት ይሞላል ብላችሁ ጠይቁ። ዳርቻው ላይ ነው ወይስ መንገድ ተሻግሮ? ኤሲና ጄኔሬተር አለ? ከአየር ማረፊያ መኪናው ስንት ነው? ጥሩ ሆቴል ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ይመልሳል። ሲያድበሰብስ ካያችሁት ወደ ሌላው ሂዱ፤ ማረፊያ ዛንዚባር ላይ ሞልቷል።